ጋሎን ስንል ስንት ሊትር ማለታችን ነው?
ስለ ፈሳሽ መለኪያ ለልማት ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ ትምህርት

መግቢያ

የዚህ አነስተኛ ጽሑፍ ዓላማ በአምቦና በምዕራብ ሸዋ ከተሞች በየዕለቱ የምንጠቀምበትን «ጋሎን» የሚባል መለኪያ መርምሮ፣ የሚያመጣውን ጉዳት ማሳየትና በቀላሉ የሚታረምበትን መንገድ ማስረዳት ነው። ከሆለታ ተነሥተን በአዲስ ዓለም፣ በጊንጪ፣ በአምቦ፣ በጉደርና በጌዶ አድርገን እስከ ባኮ ብንጓዝ ጋሎን የሚለውን ቃል የማይናገር ገበያተኛ አናገኝም። ወተት በጋሎን ይመጣል፣ ዘይት በጋሎን ይገዛል፣ ላምባ በጋሎን ይቀመጣል፣ የቤት ቀለም በጋሎን ይሸጣል፣ ለፀረ-አረም መርጫ የሚሆነው ውኃም በጋሎን ይቀዳል። ቃሉ በአማርኛ ተናጋሪውም በኦሮምኛ ተናጋሪውም አፍ ስለ ገባ የውጭ ቃል መሆኑ ተረስቷል።

ነገር ግን «ጋሎን ስንት ሊትር ነው?» ብለን ብንጠይቅ አንዱ ሦስት፣ ሌላው አራት፣ ሌላው አምስት ይለናል። ሁሉም የሚመልሰው እቤቱ ያለውን ዕቃ በዓይነ ኅሊናው እያየ ነውና ከራሱ አንጻር ትክክል ነው። ችግሩ የሚመጣው አንዱ በራሱ ጋሎን ተናግሮ ሌላው በራሱ ጋሎን ሲሠራ ነው።

ከስህተታችን የተማርነው

ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሣሣን የራሳችን ስህተት ነው። በአንድ ወቅት በጤፍ ማሳ ላይ የሚበቅሉትን ሰፋፊ ቅጠል ያላቸው አረሞች በቱፎርዲ ስለ መከላከል ለገበሬዎች ስናስተምር፣ ነገሩን ለማቅለል ብለን «በአንድ ጋሎን ውኃ 25 ሚሊ ሊትር መድኃኒት ይጨመር» አልን። በሐሳባችን የነበረው ባለ 5 ሊትር ዕቃ ነው። 25 ሚሊ ሊትር በ5 ሊትር ውኃ ሲበጠበጥ ለአንድ ሊትር ውኃ 5 ሚሊ ሊትር ይደርሳል። በሄክታር 200 ሊትር ውኃ ቢረጭ የመድኃኒቱ መጠን 1 ሊትር ይሆናል። ሒሳቡ ልክ ነበር፤ ቃሉ ግን ልክ አልነበረም።

ከሰልጣኞቹ መካከል አንድ አባት ሩብ ሄክታር የጤፍ ማሳ ነበራቸው። እቤታቸው ያለው ጋሎን ባዶ የዘይት ዕቃ ሲሆን የሚይዘውም 3 ሊትር ነበር። ያስተማርናቸውን ቃል በቃል ፈጸሙ፤ በየጋሎኑ 25 ሚሊ ሊትር እየጨመሩ ለማሳቸው የሚበቃውን 50 ሊትር ያህል ውኃ ለማድረስ 17 ጊዜ ሞሉ። ሩብ ሄክታሩ የሚፈልገው 250 ሚሊ ሊትር ሆኖ ሳለ 425 ሚሊ ሊትር ገባበት። ጤፉ ተንጋደደ፣ ቅጠሉ ተጠቀለለ፣ ራሱም እንደሚገባ ሳይዘረጋ ቀረ። ማሳውን ለማየት በሄድን ጊዜ እኒህ አባት አልተቆጡንም። «አንድ ጋሎን አላችሁኝ፤ አንድ ጋሎን ጨመርኩ» ብቻ አሉን። መልስ አልነበረንም። የማዳበሪያው ዕዳ ግን በእርሳቸው ላይ ነበረ።

ጥፋቱን «ገበሬው መመሪያ አልጠበቀም» ብሎ መጻፍ ይቻል ነበር። እውነቱ ግን ገበሬው መመሪያውን ጠብቀዋል፤ መመሪያው ራሱ መለኪያ አልነበረውም። ስለዚህ ከዚያ ወዲህ በምንሰጠው ትምህርት ጋሎን የሚለውን ቃል እንደ መለኪያ መጠቀም አቁመናል። የልማት ሠራተኞችም እንዲሁ እንዲያደርጉ እንመክራለን።

ጋሎን ከወዴት መጣ?

ጋሎን የእንግሊዞች የቆየ የፈሳሽ መለኪያ ነው። በቀድሞው ዘመን እንግሊዝ አገር ውስጥ እንኳ አንድ ጋሎን ብቻ አልነበረም፤ ለወይን ጠጅ፣ ለቢራና ለእህል የተለያየ ጋሎን ይሠራበት ነበር። በንግሥት አን ዘመን እ.ኤ.አ. በ1707 የወይን ጠጁ ጋሎን በሕግ ተወሰነ። አሜሪካኖች ይዘው የቀሩት ይህንኑ ሲሆን መጠኑ 3.785 ሊትር ነው። እንግሊዞች ግን እ.ኤ.አ. በ1824 ባወጡት ሕግ የተለያዩትን ጋሎኖች ሽረው አንድ አዲስ ጋሎን አቆሙ፤ ይኸውም 10 ፓውንድ የሚመዝን ውኃ የሚይዝ ሲሆን በሊትር 4.546 ይሆናል።

ስለዚህ በዓለም ላይ በሕግ የታወቁ ሁለት ዋና ዋና የፈሳሽ ጋሎኖች አሉ ማለት ነው። የእንግሊዙ ከአሜሪካው በአንድ አምስተኛ ያህል ይበልጣል። በቃል ለመያዝ እንዲመች፣ 5 የእንግሊዝ ጋሎን ከ6 የአሜሪካ ጋሎን ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል፤ ሁለቱም 22.7 ሊትር ያህል ናቸው።

ሊትር ግን ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው። በፈረንሳይ አገር እ.ኤ.አ. በ1795 ከሜትር ጋር አብሮ የተደነገገ ሲሆን፣ ርዝመቱም ወርዱም ቁመቱም 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሣጥን የሚይዘው መጠን ነው። አንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ አንድ ኪሎ ግራም ይመዝናል። ይህ ዝምድና ኋላ እንደምናየው ለማኅበራት እጅግ የሚጠቅም ነው። አገራችንም እ.ኤ.አ. በ1963 ባወጣችው የመለኪያዎች አዋጅ የሜትሪክን ሥርዓት ተቀብላለች። እንግዲህ ሊትር በኢትዮጵያ የሕግ መለኪያ ነው፤ ጋሎን ግን በልማድ የቀረ ስም ነው።

ወደ እኛ አካባቢ ጋሎን የገባው በብዙ በር ነው። ከውጭ የሚመጡ ሞተሮች፣ ፓምፖች፣ መርጫዎች፣ የነዳጅና የቀለም ዕቃዎች፣ እንዲሁም በእንግሊዝኛ የተጻፉ የእርሻ መጻሕፍት ይዘውት መጥተዋል። የአምቦ እርሻ ትምህርት ቤት በ1939 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ በዚህ አካባቢ የእርሻ ትምህርት የተሰጠባቸው የቆዩ የእንግሊዝኛ መጻሕፍት በጋሎንና በኤከር የሚቆጥሩ መሆናቸው የታወቀ ነው። ዛሬም ከድሮ የእጅ መጽሐፍ እየገለበጠ የሚያስተምር ባለሙያ ቢኖር ይህን ማወቅ አለበት።

ጋሎን የዕቃ ስም ሆኗል

በገበያችን ጋሎን የሚባለው ግን የእንግሊዙም የአሜሪካውም አይደለም። እጀታና ክዳን ያለው የፕላስቲክ ዕቃ ሁሉ ጋሎን ይባላል። አያቶቻችን «አንድ እንስራ ጠላ»፣ «አንድ ጉንዶ ማር»፣ «አንድ ገንቦ ውኃ» ሲሉ የዕቃውን ስም ለመጠኑ ይሰጡት እንደ ነበረ፣ እኛም ለፕላስቲኩ ዕቃ ይህንኑ አደረግን። በዚህ ነውር የለም። ጎረቤት ለጎረቤት ጠላ ሲልክ እንስራው ትንሽ ቢሰፋ ወይም ቢጠብ የሚጎዳ የለም። ወተት ሲሸጥ፣ መድኃኒት ሲበጠበጥ፣ ነዳጅ በማኅበር ገንዘብ ሲገዛ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

በአካባቢያችን የሚገኙትን ዕቃዎች እንደሚከተለው መለየት ይቻላል።

1ኛ. የዘይት ዕቃ። ባለ 3፣ ባለ 5፣ ባለ 20ና ባለ 25 ሊትር ሆኖ ይመጣል። ባለ 3ቱም ባለ 5ቱም ጋሎን ይባላሉ። ስህተት የሚበዛው በእነዚህ በሁለቱ ነው።

2ኛ. የቀለም ጋሎን። ስሙ ከአሜሪካው ጋሎን የመጣ ሲሆን መጠኑ ወደ 4 ሊትር ይጠጋል። ሁሉም ፋብሪካ እኩል ስለማይሞላ በቆርቆሮው ላይ የተጻፈውን ሊትር ማንበብ ያስፈልጋል።

3ኛ. ጀሪካን። መነሻው የጀርመን ጦር ለነዳጅ የሠራው ባለ 20 ሊትር የብረት ዕቃ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እንግሊዞች ማርከው ስለ ወደዱት በራሳቸው ፋብሪካ ሠሩት፤ ስሙንም ለጀርመኖች ካወጡት ቅጽል ስም ወሰዱ። 20 ሊትር ማለት 4.4 የእንግሊዝ ጋሎን ወይም 5.3 የአሜሪካ ጋሎን ነው። ስለዚህ «ጀሪካን አምስት ጋሎን ነው» የሚባለው አነጋገር በአንዱም ልክ አይመጣም።

4ኛ. በርሜል። በአሜሪካ ቁጥር 55 ጋሎን ሲሆን 208 ሊትር ይሆናል። በእንግሊዝ ቁጥር 44 ጋሎን ይባላል፤ ይህም 200 ሊትር ነው። በአገራችን በርሜል 200 ሊትር ተብሎ የሚቆጠረው ለዚህ ነው። አንዱ ስሌት ከሌላው በ8 ሊትር እንደሚለይ ልብ ይሏል።

ጋሎኑ በፀረ-አረምና በፀረ-ተባይ ሥራ

የመድኃኒት መጠን የሚወሰነው ለመሬቱ ስፋት ነው እንጂ ለውኃው ብዛት አይደለም። ውኃው መድኃኒቱን ተሸክሞ በማሳው ላይ እኩል የሚያዳርስ ጋሪ ነው ብሎ ለገበሬው ማስረዳት ይቻላል። ስለዚህ በመጀመሪያ መታወቅ ያለበት «በሄክታር ስንት ሊትር መድኃኒት?» የሚለው ነው፤ ይህም በመድኃኒቱ መለያ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ቀጥሎ መታወቅ ያለበት ረጪው በሄክታር ስንት ሊትር ውኃ እንደሚጨርስ ነው፤ ይህ ደግሞ በረጪው እርምጃ፣ በአፈሙዙና በግፊቱ ስለሚለያይ በማሳው ላይ ይለካል እንጂ ከመጽሐፍ አይገኝም።

የአለካኩ ዘዴ የሚከተለው ነው።

ሀ. ርዝመቱ 10 ሜትር፣ ወርዱም 10 ሜትር የሆነ ቦታ በገመድ ይከለል። ስፋቱ 100 ካሬ ሜትር ነው፤ የሄክታር አንድ መቶኛ ማለት ነው።

ለ. በመርጫው ውስጥ በትክክል የተለካ 5 ሊትር ንጹሕ ውኃ ይጨመር። መድኃኒት አይጨመርም።

ሐ. ረጪው በለመደው እርምጃና በለመደው አነፋፍ የተከለለውን ቦታ ይርጭ።

መ. የቀረው ውኃ ተቀድቶ ይለካ። ከ5 ሊትር ላይ 3 ሊትር ቢተርፍ በ100 ካሬ ሜትር ላይ 2 ሊትር ተረጭቷል። በ100 ሲባዛ በሄክታር 200 ሊትር ይሆናል።

ሠ. 200 ሊትሩን ለመርጫው መጠን በማካፈል በሄክታር ስንት ጊዜ እንደሚሞላ ይገኛል። መርጫው ባለ 20 ሊትር ከሆነ 10 ጊዜ ይሞላል። በሄክታር 1 ሊትር የሚጨመር መድኃኒት ከሆነ በአንድ ሙሌት 100 ሚሊ ሊትር ይገባል ማለት ነው። ባለ 15 ሊትር መርጫ ከሆነ 75 ሚሊ ሊትር፣ ባለ 16 ሊትር ከሆነ 80 ሚሊ ሊትር ይሆናል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስታወስ ያስፈልጋል። ሌላው ረጪ በዝግታ የሚሄድ ሆኖ በሄክታር 300 ሊትር ውኃ ቢጨርስ፣ ባለ 15 ሊትር መርጫው 20 ጊዜ ይሞላል፤ ስለዚህ በአንድ ሙሌት የሚገባው 75 ሳይሆን 50 ሚሊ ሊትር ነው። እንግዲህ «በሊትር 5 ሚሊ ሊትር» የሚለው የቀድሞ ትምህርታችን እንኳ ለሁሉም ረጪ አይሠራም ነበር። ከጋሎኑ ስህተት በታች ይህ ሁለተኛ ስህተት ተደብቆ ነበር።

መሬቱንም እንዲሁ መለካት ይገባል። ጥማድ ከቦታ ቦታ፣ ከበሬ በሬ ይለያያል። ርዝመቱ 50 ወርዱም 50 ሜትር የሆነ ማሳ ሩብ ሄክታር መሆኑን ገበሬው በገመድ ለክቶ ቢያውቅ ከዚያ በኋላ ሒሳቡ ቀላል ነው።

መለኪያው ቁጥር ያለው የፕላስቲክ ኩባያ ወይም ስኒ መሆን አለበት። የጠርሙስ ክዳን፣ የሻይ ብርጭቆና የቡና ሲኒ መለኪያ አይደሉም፤ መጠናቸው ከቤት ቤት ይለያያል። ለመድኃኒት የዋለ ኩባያም ወደ ምግብ ቤት መመለስ የለበትም።

በተጨማሪ፣ ቱፎርዲ ሰፋፊ ቅጠል ያላቸውን ተክሎች የሚያጠቃ ስለሆነ ባቄላ፣ አተርና ኑግ ይጎዳል። መጠኑ ትክክል ቢሆንም በነፋስ ተወስዶ የጎረቤትን ኑግ ሊያበላሽ ይችላል። ስለዚህ ነፋስ በሌለበት ሰዓት፣ በመለያው ላይ በተጻፈው የሰብሉ የእድገት ደረጃ ብቻ ይረጫል፤ መርጫውም ለሌላ ሰብል ከመዋሉ በፊት በደንብ ይታጠባል።

ከድሮ መጽሐፍ ለሚያነብ

አንዳንድ የቆዩ ጽሑፎች «በኤከር 20 ጋሎን ውኃ» ይላሉ። አንድ ኤከር ከሄክታር አራት አሥረኛ ያህል ነው፤ በትክክል 0.405 ሄክታር። መጽሐፉ የእንግሊዝ ከሆነ 20 ጋሎን 91 ሊትር ሲሆን፣ በሄክታር ሲመነዘር 225 ሊትር ገደማ ይሆናል። የአሜሪካ ከሆነ 20 ጋሎን 76 ሊትር ሲሆን፣ በሄክታር 187 ሊትር ይሆናል። በአንድ ቃል ምክንያት የ38 ሊትር ልዩነት ይመጣል። ስለዚህ መጽሐፉ በየት አገር እንደ ታተመ ሳይታወቅ ቁጥሩን ለገበሬ ማስተላለፍ አይገባም።

ጋሎኑ በወተት መሰብሰቢያ

በሆለታ፣ በጊንጪና በአምቦ አካባቢ ወተት ለማኅበር የሚያስረክቡ አባላት ወተታቸውን የሚያመጡት በብዛት በእነዚሁ የፕላስቲክ ዕቃዎች ነው። «ባለ አምስት» የተባለ ዕቃ እስከ አፉ ሲሞላ ከ5 ሊትር በላይ እንደሚይዝ ብዙ ሰው አያውቅም። ፋብሪካው 5 ሊትር የሚለው እስከ ትከሻው ድረስ እንጂ እስከ ክዳኑ ድረስ አይደለም፤ ከላይ ለአየር የሚሆን ባዶ ቦታ ይተዋል።

ዕቃው እስከ አፉ 5 ሊትር ከ300 ሚሊ ሊትር ይይዛል እንበል። አንዲት እናት በየቀኑ አንድ ዕቃ ሞልተው አምጥተው 5 ሊትር ቢጻፍላቸው፣ በ30 ቀን 9 ሊትር ወተት ሳይቆጠር ይቀራል። 60 አባላት ያሉት ማኅበር ቢሆን በወር 540 ሊትር ይሆናል። ማንም አልሰረቀም፤ ነገር ግን አንድ ወገን አጥቷል። ከጊዜ በኋላ አባሏ ይህን በሌላ መንገድ ካወቁት ማኅበሩን አያምኑም። የጠፋውን ወተት መክፈል ይቻል ይሆናል፤ የጠፋውን እምነት ግን መመለስ ከባድ ነው።

ተቃራኒውም ይደርሳል። ዕቃው በፀሐይና በሙቅ ውኃ ተጨማዶ ወይም ወደ ውስጥ ተደፍቶ ከሆነ የሚይዘው ከ5 ሊትር በታች ነው። በዚህ ጊዜ የሚጎዳው ማኅበሩ፣ ማለትም ሌሎቹ አባላት ናቸው።

ዕቃን በሚዛን መፈተን

ማኅበራት ልዩ መሣሪያ ሳይገዙ ዕቃቸውን ሊፈትኑ ይችላሉ። የሚያስፈልገው ትክክለኛ ሚዛንና ንጹሕ ውኃ ብቻ ነው።

1ኛ. ባዶው ዕቃ ይመዘን። 400 ግራም ሆነ እንበል።

2ኛ. ውኃ እስከ አፉ ተሞልቶ ይመዘን። 5 ኪሎ ከ700 ግራም ሆነ እንበል።

3ኛ. የባዶው ክብደት ይቀነስ። የቀረው 5 ኪሎ ከ300 ግራም ነው። አንድ ኪሎ ውኃ አንድ ሊትር ስለሆነ ዕቃው 5.3 ሊትር ይይዛል ማለት ነው።

4ኛ. ውኃው እየተቀነሰ በትክክል 5 ኪሎ ሲቀር፣ ዕቃው በደልዳላ ቦታ ተቀምጦ የውኃው ልክ በውጭ በኩል በማይለቅ ቀለም ይሰመር። ከዚያ ወዲያ መለኪያው መስመሩ ነው፤ አፉ አይደለም።

ለዚህ ፈተና ከጉድጓድ ወይም ከቧንቧ የተቀዳ ውኃ ይበቃል። የአምቦ ጠበል ውኃ ጋዝ ስላለው እየፈላ መስመሩን ያሳስታልና አይመረጥም።

ልብ ሊባል የሚገባው፣ ኪሎና ሊትር እኩል የሚሆኑት ለውኃ ብቻ መሆኑን ነው። አንድ ሊትር ወተት 1.03 ኪሎ ያህል ይመዝናል። አንድ ሊትር የምግብ ዘይት ወደ 0.92 ኪሎ፣ አንድ ሊትር ላምባ ወደ 0.8 ኪሎ፣ አንድ ሊትር ማር ግን ወደ 1.4 ኪሎ ይመዝናል። ስለዚህ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ማር 28 ኪሎ ገደማ ነው። «ጀሪካኑ ሃያ ነው፤ እንግዲህ ሃያ ኪሎ ማር» ብሎ የሚገዛ ነጋዴ 8 ኪሎ ማር በነጻ ወሰደ ማለት ነው። ማር በኪሎ እየተመዘነ እንጂ በዕቃ መሸጥ የለበትም።

የነዳጅ አያያዝ

በጉደርና በአምቦ አካባቢ ሽንኩርትና ቲማቲም በመስኖ የሚያለሙ ቡድኖች ለውኃ መሳቢያ ሞተር ነዳጅ በጀሪካን ይገዛሉ። የነዳጅ ማደያ ቆጣሪ በሊትር የሚቆጥር ስለሆነ፣ በማኅበሩ መዝገብ የሚጻፈው ከቆጣሪው የተነበበው ሊትር መሆን አለበት። «ሁለት ጀሪካን» ወይም «አራት ጋሎን» ተብሎ የተጻፈ ወጪ በኦዲት ጊዜ ሊመረመር አይችልም። ጀሪካኑም እስከ አፉ አይሞላም፤ ነዳጅ በሙቀት ስለሚሰፋ ባዶ ቦታ ይፈልጋል።

ከሞተሩ ጋር የመጣ ጽሑፍ የዘይቱን ወይም የነዳጁን መጠን በጋሎን የሚገልጽ ከሆነ፣ ጸሐፊው አንድ ጊዜ ወደ ሊትር ለውጦ በሞተሩ ጎን በቀለም ይጻፈው። ያን ጊዜ ሁሉም ሰው ያነበዋል።

ባዶ የመድኃኒት ዕቃ ለምንም አይዋል

ስለ ጋሎን ስንናገር ዝም ብለን የማናልፈው ነገር አለ። የፀረ-አረምና የፀረ-ተባይ መድኃኒት የመጣበት ባዶ ዕቃ ጠንካራና ክዳኑ የሚጠብቅ ስለሆነ ሰው ይወደዋል። ታጥቦ ለውኃ፣ ለዘይት ወይም ለወተት የሚያውለውም አለ። ፕላስቲኩ መድኃኒቱን ወደ ውስጡ ስለሚመጥ በሳሙናም በአመድም ቢታጠብ አይጠራም። ከዕቃው የሚጠጣው ሕፃን ነው፤ ጉዳቱም ዛሬ ላይታይ ይችላል።

ስለዚህ ዕቃው መድኃኒቱ እንዳለቀ ወዲያው ሦስት ጊዜ ይለቅለቅ፤ የተለቀለቀበት ውኃ ወደ መርጫው ተጨምሮ በማሳው ላይ ይረጭ። ከዚያ ዕቃው በምስማር ወይም በቢላዋ ተበስቶ እንዳያገለግል ይደረግ፤ ማኅበሩም በአንድ በተቆለፈ ቦታ ሰብስቦ ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ያስታውቅ። በወንዝ ዳር መጣል ወይም እቤት ምድጃ ውስጥ ማቃጠል አይገባም።

ማኅበራት ሊያደርጉት የሚገባ

1. በማኅበሩ ቤት አንድ የተፈተነ ባለ 5 ሊትርና አንድ ባለ 1 ሊትር መለኪያ ይኑር። ለወተት የሚሆነው ለብቻው፣ ለመድኃኒት የሚሆነው ለብቻው ተለይቶ በተለያየ ቀለም ይሰመር፤ በተለያየ ክፍልም ይቀመጥ።

2. አባላት ዕቃቸውን በዓመት አንድ ጊዜ አምጥተው ያስፈትኑ። ለመፈተኛው ቀን አባላት በብዛት የሚገኙበት የገበያ ቀን ቢሆን ይመረጣል። የተፈተነው ዕቃ የሚይዘው ሊትር በጎኑ ይጻፍ።

3. በመዝገብ «ጋሎን»፣ «ጀሪካን»፣ «ጣሳ» የሚሉ ቃላት በመጠን ዓምድ አይጻፉ። መጠን በሊትር ወይም በኪሎ ብቻ ይመዝገብ።

4. መፈተኑ በአባላት ፊት ይሁን። በተዘጋ ክፍል የተፈተነ ዕቃ፣ ልክ ቢሆንም፣ አይታመንም።

የልማት ሠራተኛው ድርሻ

የልማት ሠራተኛው ማንኛውንም መጠን ሲናገር በሊትርና በሚሊ ሊትር ይናገር። ገበሬው ጋሎን ሲል አያርመው፤ «የትኛው ጋሎን? እስቲ አምጡና እንየው» ይበል። ዕቃውን አይቶ፣ ለክቶ፣ አስምሮ ሲመልስ ትምህርቱ በዕቃው ላይ ይቀራል። ትምህርቱ የሚሰጠው በኦሮምኛ ከሆነም ሊትር የሚለው ቃል እንዳለ ይነገር፤ በሌላ ቃል መተካት አዲስ ጋሎን መፍጠር ነው። በመድኃኒት መጠን ላይ ጥርጣሬ ሲኖር በግምት ከመናገር፣ ቀድሞ የእፅዋት ጥበቃ ምርምር ማዕከል ይባል የነበረውን በአምቦ የሚገኘውን የምርምር ማዕከል ወይም በአቅራቢያ ያለውን የሆለታን ማዕከል መጠየቅ ይሻላል።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. አንድ ረጪ በ100 ካሬ ሜትር ላይ 2 ሊትር ተኩል ውኃ ቢጨርስ በሄክታር ስንት ሊትር ይሆናል? መርጫው ባለ 20 ሊትር፣ መድኃኒቱም በሄክታር ግማሽ ሊትር ቢሆን በአንድ ሙሌት ስንት ሚሊ ሊትር ይገባል?

2. ባዶው 1 ኪሎ የሆነ ጀሪካን በውኃ ሲሞላ 22 ኪሎ ተኩል ቢመዝን ስንት ሊትር ይይዛል?

3. በቀበሌያችሁ ጋሎን ተብለው የሚጠሩት ዕቃዎች ስንት ዓይነት ናቸው? እያንዳንዱስ ስንት ሊትር ይይዛል?

የመጀመሪያው መልስ 250 ሊትርና 40... ተብሎ በግምት እንዳይነገር ሒሳቡን አብራችሁ ሥሩ፤ 250 ሊትር ለ20 ሲካፈል 12 ተኩል ሙሌት ይሆናል፣ 500 ሚሊ ሊትር ለ12 ተኩል ሲካፈል 40 ሚሊ ሊትር ይደርሳል። የሁለተኛው መልስ 21 ሊትር ተኩል ነው። የሦስተኛውን መልስ የምታገኙት ዕቃዎቹን ሰብስባችሁ በመመዘን ብቻ ነው።

ማጠቃለያ

ጋሎን የሚለውን ቃል ከገበያ ማስወጣት አይቻልም፤ አያስፈልግምም። እናቶች ጋሎን ብለው ውኃ ይቅዱ፣ ነጋዴውም ጋሎን ብሎ ዕቃውን ይሽጥ። በወተት መዝገብ፣ በመድኃኒት መበጥበጫና በማኅበር ሒሳብ ላይ ግን ጋሎን ቦታ የለውም። በዚያ ቦታ የሚገባው ሊትር ነው። አንድ የተሰመረ ዕቃ በየማኅበሩ ቢኖር፣ ያ የጤፍ ማሳ ባልተጎዳ ነበር። ይህን ጽሑፍ ያነበበ የልማት ሠራተኛ በዚህ ሳምንት አንድ ዕቃ ለክቶ ቢያሰምር ድካማችን ከንቱ አልሆነም እንላለን።